ስኖው ሲጥል በባቡር ሥራ የምትሄዱ ሰዎች እንዴት ነው የምትደርሱት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ ዲሲ)

የኮተቤዋ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሀገር ከመጣሁ ገና አምስተኛ ወሬ ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ የአክስቴ ልጅ ጋ ሲሆን ሥራዬ ዳውንታውን ዲሲ ሆቴል ውስጥ ሀውስኪፒንግ ነው፣ ሺፍቴ በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 7 ይጀምራል። ከቤት እስከ ባቡር ጣቢያው በአውቶብስ እሄዳለሁ ከዛ ሬድ ላይን የሚባለውን የሜትሮ ባቡር ይዤ ሜትሮ ሴንተር እወርዳለሁ፣ ባቡሩ ራሱ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ እስካሁን አንድም ቀን አርፍጄ አላውቅም።

አሁን ግን እሁድ ማታ ከባድ ስኖው ይገባል እየተባለ ነው፣ ሰኞ ደግሞ ሥራ አለኝ። ሱፐርቫይዘሬን ስጠይቃት ሆቴል አይዘጋም እንግዳ ውስጥ አለ መምጣት አለብሽ አለችኝ፣ ገና የሙከራ ጊዜዬን ስላልጨረስኩ መቅረት በጣም ነው የሚያስፈራኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በጨለማ ስወጣ መንገዱ ደረቅ መስሎኝ ረግጬው ተንሸራትቼ ወደቅኩ፣ ጉልበቴ አብጦ ሦስት ቀን እያነከስኩ ነው የሠራሁት፣ ለካ በረዶ ነው አይታይም እኮ። ባቡሩ ስኖው ሲጥል ይሠራል ወይስ ይቆማል? ምን ለብሳችሁ ነው ፕላትፎርም ላይ የምትቆሙት? የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ በናታችሁ፣ ቤት ያሉት ሁሉም መኪና ስለሚነዱ የሚመልስልኝ አጣሁ።

ቀዩ_መስመር_16
እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ፣ ጉልበትሽንም እግዜር ይማርልሽ። እኔ 16 ዓመት በዚሁ መስመር ነው ሥራ የሄድኩት፣ መጀመሪያ ፓርኪንግ ነበርኩ አሁን ሆስፒታል ውስጥ ነኝ፣ ሁለቱም ስኖው ነው ብሎ የማይዘጋ ሥራ ስለሆነ ጥያቄሽ በደንብ ይገባኛል።

መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ የምትሄጂበት መስመር የቱ ጋ ከመሬት በላይ የቱ ጋ ከመሬት በታች እንደሆነ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ ሜዳ ላይ ነው፣ ከዛ ታኮማ፣ ፎርት ቶተን፣ ብሩክላንድ፣ ሮድ አይላንድ አቬኑ፣ ኖማ ሁሉም ከላይ ናቸው፣ ዩኒየን ስቴሽን ልትደርሺ ስትይ ነው ዋሻ ውስጥ የምትገቢው። ስለዚህ አብዛኛው መንገድሽ ሰማይ ስር ነው ማለት ነው። ትንሽ ስኖው ከሆነ ባቡሩ ቀስ እያለም ቢሆን ይሄዳል፣ ስኖው ወደ 8 ኢንች (20 ሳንቲሜትር ነው በኛ) ሲጠጋ ግን ከላይ ያለውን ክፍል ሊያቆሙትና ዋሻ ውስጥ ያለውን ብቻ ሊያስኬዱ ይችላሉ። እሱን ቁጥር ያዢ። ኒውስ ላይ 2 እስከ 4 ኢንች ካሉ ተኚ፣ 8 እና ከዛ በላይ ካሉ እሁድ ከሰዓት በፊት ውሳኔሽን ወስኚ።

ሁለተኛው ነገር፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም፣ ቀድሞ የሚጠፋብሽ ባቡሩ ሳይሆን አውቶብሱ ነው። አውቶብስ ዳገት አለበት ጠባብ መንገድ አለበት፣ ሜትሮባስ ስኖው እንደየመጠኑ ቀላል መካከለኛና ከባድ የሚል ፕላን አለው፣ ከባድ የሚለው ከታወጀ ዋና ዋና መንገድ ላይ ያሉት ብቻ ናቸው የሚቀሩት። ባቡሩ እየሠራ ባቡሩ ጋ መድረሻ አጥተው ከቤት የቀሩ ስንት ሰዎች አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ ወይም ነገ ቀን ላይ በእግርሽ ከቤት እስከ ጣቢያ ሂጂና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እዪው። 35 ደቂቃ ከፈጀብሽ በስኖው አንድ ሰዓት ብለሽ ያዢው።

አባ_ሹፌር
እኔ በበኩሌ ባቡር ጠብቆ ፕላትፎርም ላይ ከመድረቅ መኪና ይሻላል ባይ ነኝ። ጎማው ጥሩ ከሆነና ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ካለ የትም ይደረሳል፣ የአክስትሽን ልጅ አድርሰኝ በይው ምን አለበት። እኔ ራሴ በስኖው ስንት ሰው አድርሻለሁ።

ወለላ_ታኮማ
አባ ሹፌር ይቅርታ አድርግልኝና በዚህ አልስማማም። 2016 ላይ እዚህ ነበርክ? ጃንዋሪ 20 ቀን፣ ጥር 11 ማለት ነው፣ የጥምቀት ዕለት ማታ፣ የጣለው ስኖው አንድ ኢንች ቢሆን ነው። አንድ ኢንች! መንገዱ ቀድሞ ጨው ስላልተረጨበት ወዲያው መስታወት ሆነ፣ ሰው መኪናው ውስጥ ስንት ሰዓት ቆሞ አመሸ፣ የፕሬዝዳንት ኦባማ አጀብ ሳይቀር ከአንድሩስ አየር ኃይል ወደ ዋይት ሀውስ ለመመለስ ተንቀራፎ ነው የገባው። እሱ እንዲህ ከሆነ እኛ በካምሪ ምን ልንሆን ነው። እኔ የዛን ቀን በባቡር ነበር የተመለስኩት፣ ጣቢያ ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ መኪኖቹ ዳገቱ ላይ ወደ ጎን እየተንሸራተቱ አይቻለሁ፣ እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ከዛ በሁለተኛው ቀን አርብ ደግሞ ትልቁ ስኖው መጣና ሜትሮ ቅዳሜና እሁድን ሙሉ በሙሉ ተዘጋ፣ ዋሻ ውስጥ ያለውም ጭምር። ሰኞ ነው በጥቂቱ ዋሻ ውስጥ የጀመረው። ስለዚህ እህቴ የኮተቤዋ ባቡር ሁልጊዜ ያደርሳል ልልሽ አይደለም፣ እኔ የምልሽ መኪናም ባቡርም የማይንቀሳቀስበት ቀን አለ፣ ለሱ ቀን መፍትሄው ሌላ ነው፣ ቀድሞ መሄድ ነው።

እኔ አሮጊት እናት ነው የምንከባከበው፣ ክሊቭላንድ ፓርክ አካባቢ። 2025 ጃንዋሪ 6 የፌደራል መሥሪያ ቤት ሁሉ በስኖው ሲዘጋ እኔ የሰኞ ሺፍት ነበረኝ፣ እሁድ ስኖው ሳይጀምር ልብሴን ይዤ በባቡር ሄጄ እዛው አደርኩ። ሰኞ ገሀድ ነበር፣ በማግስቱ ገና። ከቤት ቆሎዬንና ትንሽ ሽሮ ይዤ ሄጄ ስለነበር እሱን በላሁ፣ ማታ ቤተክርስቲያን መሄድ ስላልቻልኩ ቅዳሴውን በስልክ ከፍቼ ሳለቅስ አሮጊቷ እጄን ይዛ አብራኝ ተቀመጠች፣ ቋንቋውን አታውቅም ግን እስኪያልቅ ድረስ አልተኛችም። እና ይሄን የምነግርሽ ቀድመሽ ስትሄጂ ለራስሽም ምግብና የምትወጂውን ነገር መያዝ እንዳትረሺ ነው።

ሐዲድ_እና_ሽቦ
ኤሌክትሪክ ነው የተማርኩት፣ ሜትሮ ውስጥ አልሠራም፣ ግን ለምን 8 ኢንች እንደሆነ ላስረዳ ምክንያቱም ምክንያቱን ያወቀ ሰው የሜትሮን አለርት (ማስጠንቀቂያ) ሲያነብ ይገባዋል።

የሜትሮ ባቡር ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከላይ ሽቦ ሳይሆን ከጎን በኩል ከተዘረጋ ሦስተኛ ሐዲድ ነው፣ 750 ቮልት። ከባቡሩ ስር የወጣ ብረት አለ በዛ ሐዲድ ጀርባ ላይ እየተንሸራተተ ነው ኃይል የሚወስደው። በሐዲዱና በብረቱ መሃል በረዶ ከገባ ንክኪው ይቋረጣል፣ በጨለማ ከሩቅ ሰማያዊ ብልጭታ የምታዩት እሱ ነው፣ አትደንግጡ። ስኖው ወደ 8 ኢንች ሲደርስ ደግሞ ሐዲዱን ራሱን መሸፈን ይጀምራል። ለዚህ ነው አንዳንድ ቦታ ሐዲዱን የሚያሞቅ ማሞቂያ የተገጠመለት፣ ሌሊት ደግሞ ሰው የማይጭን ባቡር በረዶ ማቅለጫ እየረጨ ይመላለሳል፣ ዋገኖቹንም ብርድ እንዳይመታቸው ዋሻ ውስጥ ያሳድሯቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከስኖው ይልቅ የሚከፋው የሚቀዘቅዘው ዝናብ ነው። ስኖው ይጠረጋል፣ እሱ ግን እንደ ቀለም ተቀብቶ ነው የሚደርቀው። ፎርካስቱ ላይ ፍሪዚንግ ሬይን የሚል ካያችሁ ኢንቹ ትንሽ ነው ብላችሁ አትዘናጉ።

ብርዱ ብቻውንም ሥራ አለው። ብረት ሲቀዘቅዝ ይሸሻል ማለት ያጥራል፣ ሐዲዱ ደግሞ ረጅም ሆኖ የተበየደ ስለሆነ የሚሸሽበት ቦታ ስለሌለው ይወጠራል፣ አንዳንዴ ይሰነጠቃል። ምንም ስኖው በሌለበት በደረቅ ብርድ ጠዋት በአንድ ሐዲድ እየተፈራረቁ ነው ሲሉ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

እናት_ዊተን
ልጄ የኮተቤዋ፣ እኔ ዊተን ነው የምኖረው፣ ጣቢያችን ከመሬት በታች ነው፣ ፎረስት ግሌንም እንደዛው። ፎረስት ግሌንማ 60 ሜትር ጥልቀት አለው በሊፍት ብቻ ነው የሚወረደው፣ እስከዛ ድረስ ስኖው አይደርስ። እኔ ጋ ነይና እደሪ፣ ከዚህ ትሄጃለሽ፣ ቤት ሰፊ ነው ልጆቼም ኮሌጅ ናቸው።

ሐዲድ_እና_ሽቦ
እናታችን እግዜር ይስጥልን እንዲህ ያለ ልብ ይብዛልን፣ ግን ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ስለሆነ ልናገር። ዊተንና ፎረስት ግሌን እውነት ነው ዋሻ ውስጥ ናቸው፣ ዳውንታውንም ዋሻ ውስጥ ነው፣ መሃል ላይ ግን ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ኖማ ያለው ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ከቆመ ባቡሩ ከዊተን ተነስቶ ዳውንታውን መሻገሪያ የለውም። ስለዚህ ለሰኞ ዊተን ከሲልቨር ስፕሪንግ አይሻልም።

የሚሻለው ግሪን ላይን ነው። ጆርጂያ አቬኑ ፔትዎርዝ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ዩ ስትሪት፣ ሦስቱም ከመሬት በታች ናቸው፣ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወርደሽ ወደ ሬድ ላይን ትቀይሪና ቀጣዩ ፌርማታ ሜትሮ ሴንተር ነው፣ መንገዱ ከመጨረሻ እስከ መጨረሻ ዋሻ ነው። በዛ አካባቢ ደግሞ ሐበሻ ሞልቷል፣ የሚያሳድርሽ አታጪም።

እናት_ዊተን
አሃ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እንግዲያው ሶክስና ጓንት እንኳን ልላክልሽ፣ የልጄ ቡት አለ፣ እግርሽ ስንት ቁጥር ነው?

የቺካጎው
ከቺካጎ ነኝ፣ ኤጅዎተር፣ እኛም ሬድ ላይን ነው የምንለው ግን የኛው በድልድይ ላይ ከቤት ጣራ እኩል ነው የሚሄደው፣ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ በቀጥታ ነው የሚያገኝህ። ጃንዋሪ 2019 ላይ ከዜሮ በታች 30 ሴልሺየስ ሲገባ ሥራ ሄጃለሁ። የተጓዥ ባቡሮቹ ሐዲድ የሚገናኝበት ጋ በጋዝ እሳት ያነዱበታል እንዳይቆልፈው፣ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሐዲዱ የተቃጠለ መስሎኝ ለፖሊስ ልደውል ነበር።

ልብስ ለጠየቅሽው፦ አንድ ወፍራም ጃኬት ብቻ አይበቃም፣ ሦስት ስስ ነገር ደራርቢ። ከውስጥ ተርማል፣ መሃል ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ ከላይ ንፋስና ውሃ የማያሳልፍ። ከውስጥ ጥጥ አትልበሺ፣ ጥጥ ላብ ይይዝና ከባቡር ስትወጪ ያ ላብ ነው የሚያደርቅሽ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ብርድ የሚመታው ፕላትፎርም ላይ ሲጠብቅ ሳይሆን ሞቃት ባቡር ውስጥ ጃኬቱን ቆልፎ አልቦት ሲወርድ ነው። ስትገቢ ክፈቺው፣ ልትወርጂ አንድ ጣቢያ ሲቀር ቆልፊው። የሥራ ጫማሽን ቦርሳ ውስጥ ያዢ፣ ትርፍ ካልሲም በላስቲክ። እኛ ጋ ፕላትፎርም ላይ ቁልፍ ሲጫኑት የሚበራ ማሞቂያ አለ፣ እናንተ ጋ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

ቀዩ_መስመር_16
ወንድሜ ቺካጎ እውነት ብለሃል ስለ ላቡ። በኛ በኩል የምጨምረው ፕላትፎርሙ ረጅም ነው፣ 600 ጫማ፣ ጣራ ያለው ደግሞ መሃሉ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሜትሮ ሴንተር ላይ ለመውጫው ይቀርበኛል ብሎ ጫፍ ላይ ይቆማል፣ በስኖው ቀን ይሄን ተይው፣ ጫፉ ላይ ስኖውም በረዶም አለ፣ ከጣራው ስር ሁኚ ባቡሩ ሲመጣ ግቢና ውስጥ ለውስጥ አትሂጂ በቃ ባለሽበት ተቀመጪ። በር አጠገብ አትቀመጪ፣ በየጣቢያው ሲከፈት ብርዱ እላይሽ ላይ ነው። የፕላትፎርሙ ጠርዝ ላይ ያለው ነጭ ድንጋይ ግራናይት ነው፣ ሲረጥብ ሳሙና ነው፣ ባቡሩ ቆሞ በር እስኪከፈት አትርገጪው።

ስለ መውደቁ ደግሞ፣ ያ የወደቅሽበት ብላክ አይስ ይባላል፣ ቀን የቀለጠው ሌሊት ተመልሶ የሚጋገር ውሃ ነው፣ አስፋልቱ ጥቁር ስለሆነ አያሳይም። ጠዋት በጨለማ የሚያበራ እርጥብ የመሰለ ነገር ካየሽ ውሃ ነው ብለሽ አትመኚው። እጅሽን ከኪስ አውጪ፣ አጭር አጭር እርምጃ፣ መላ እግርሽን አሳርፈሽ። ጫማ ላይ የሚታሰር ጥርስ ያለው ላስቲክ ይሸጣል፣ ርካሽ ነው፣ እሱን ግዢ ግን ጣቢያው ውስጥ ስትገቢ አውልቂው ምክንያቱም ለስላሳ ወለል ላይ ራሱ ያንሸራትታል። ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ባለቤቶች የቤታቸውን እግረኛ መንገድ ስኖው ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ መጥረግ አለባቸው ይላል ሕጉ፣ ያ ማለት ሰኞ ጠዋት አንቺ ስትወጪ ገና አልተጠረገም። ስለዚህ ጊዜሽን ስታሰይ ባልተጠረገ መንገድ ነው የምሄደው ብለሽ አስይ።

ከ_አያት
ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ክረምት በባቡር የሚል ነገር አይቼ ነው የገባሁት፣ ለኛ ክረምት ሲባል ሐምሌና ነሐሴ ነው የሚመጣብን፣ ጭቃና ዣንጥላ። የናንተ ስኖው የሚወርደው እኛ ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ስንሞቅ መሆኑ ሁሌ ይገርመኛል። እኔ ከአያት ወደ ስታዲየም በቀላል ባቡር ነበር ሥራ የምሄደው፣ 2015 በፈረንጅ ሥራ ከጀመረ ጊዜ አንስቶ። ሐምሌ ጠዋት ዋገኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ረጥቦ መስታወቱ በትንፋሽ ተሸፍኖ የት እንደደረስን የምናውቀው በድምፅ ነበር። ሐዲድና ሽቦ አንድ ጥያቄ፣ የኛው ከላይ በሽቦ ነው የሚሠራው፣ እናንተ ጋ ለምን እንደዛ አላደረጉትም?

ሐዲድ_እና_ሽቦ
ጥሩ ጥያቄ ነው። የአዲስ አበባውም 750 ቮልት ነው የሚገርመው፣ ኃይሉ አንድ ዓይነት ሆኖ እሱ ከላይ ይሄኛው ከታች ነው። ሦስተኛ ሐዲድ ዋሻውን ጣራው ዝቅ ያለ አድርጎ ለመቆፈር ያስችላል፣ ሽቦ ለመስቀል ግን ከፍታ ይፈልጋል፣ ሜትሮ በ1976 በፈረንጅ ሲከፈት ዋሻው ብዙ ነበርና ይሄ ይጠቅማል። ሽቦም ቢሆን በረዶ ይይዘዋል፣ ግን የአዲስ አበባ ሽቦ በረዶ የሚያሰጋው አይደለም፣ ለሱ ዝናቡና መብረቁ ይበቃዋል።

ወለላ_ታኮማ
የኮተቤዋ አንድ ነገር ልምከርሽ ከልብሱም ከባቡሩም ይበልጣል። ለሱፐርቫይዘርሽ ዛሬውኑ ቴክስት አድርጊላት። ሰኞ ላልደርስ እችላለሁ አትበያት፣ ሰኞ ለመድረስ እንዲህ እንዲህ አስቤያለሁ በያት፣ ሆቴሉ ውስጥ ማደር ይቻል እንደሆነ ጠይቂያት፣ አንዳንድ ሆቴሎች በስኖው ጊዜ ለሠራተኛ ክፍል ይሰጣሉ። በጽሑፍ ይሁን። ቢሮ የሚሠራው ሰው ላፕቶፑን ከፍቶ እቤቱ ይውላል፣ ደሞዙም አይነካም፣ እኛ በሰዓት የምንከፈል ካልደረስን የለንም። በፈረንጅ ጠዋት 5 ሰዓት ባቡር ላይ በስኖው ቀን ማን እንዳለ አይተሻል? ነርሷ፣ አብሳዩ፣ ጽዳቱ፣ ጥበቃው፣ ግማሹ አማርኛ የሚናገር ነው። ይሄ ከተማ ስኖው ሲጥል ተዘጋ ይባላል እንጂ እኛ ተዘግተን አናውቅም።

አባ_ሹፌር
ወለላ ያልሽው ገብቶኛል፣ የ2016ቱን እኔ አትላንታ ስለነበርኩ አላየሁትም። የኮተቤዋ እሁድ ከሰዓት ስኖው ሳይጀምር ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ፔትዎርዝ እኔ አደርስሻለሁ፣ ሂሳብ የለውም፣ ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

የኮተቤዋ (ከቀናት በኋላ)
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሆቴሉ ክፍል የለም አለ፣ ግን አብራኝ የምትሠራ ልጅ ፔትዎርዝ እህቷ ጋ ነይ አለችኝና አባ ሹፌር እሁድ 9 ሰዓት በኛ አደረሰኝ፣ ብር አልቀበልም ብሎ ተሟግቶኝ ሄደ። ማታ 2 ሰዓት አካባቢ ጀመረ። በመስኮት ቆሜ ነው ያመሸሁት፣ ድምፅ የለውም እኮ፣ እኔ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰምቼ ያደግኩ ሰው ይሄ ሁሉ ነገር ሲወርድ ዝም ማለቱን ማመን አቃተኝ። ጠዋት ስንነሳ እስከ ጉልበቴ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ጣቢያው ሁለት ብሎክ ነው፣ እሱን ለመሄድ 25 ደቂቃ ፈጀብን፣ ከተጠረገው መንገድ መሃል መሃሉን ሄድን። ከዛ በኋላ ግን ዋሻ ውስጥ ስለሆነ ምንም አላየንም፣ ጋለሪ ፕሌስ ቀየርን፣ 7 ሊሞላ 10 ጉዳይ ሲል ደርሰናል። ከ14 ሰው አምስት ነው የገባነው። ሱፐርቫይዘሯ ራሷም አልደረሰችም ነበር፣ ስልክ ደውላ ስታመሰግነኝ ድምጿ ሌላ ነበር።

የእናት ዊተን ቡት ልክ ሆነኝ፣ ካልሲው ውስጥ ደግሞ ብር አስቀምጠው ነበር፣ አየሁት እናቴ፣ እመልሳለሁ። ጥጥ አለመልበሱም እውነት ነው ምንም አልበረደኝም።

ማክሰኞ ማታ ሬድ ላይን ከላይ ስለተከፈተ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተመለስኩ። ከዩኒየን ስቴሽን ባቡሩ ሽቅብ ሲወጣ ድንገት ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ፣ ጣራው፣ የቆሙት የጭነት ባቡሮች፣ ዛፉ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሮዝ ቀለም ይዞ ነበር። ጎኔ የተቀመጠ ፈረንጅ ስልኩን ነበር የሚያየው፣ ልቀስቅሰውና እይ ልለው ፈልጌ ነበር።

አሁን ጥያቄዬ፣ ጫማ ላይ የሚታሰረውን ጥርስ ያለውን ላስቲክ የት ነው የምገዛው? ሁለት ሱቅ ሄጄ አልቋል ተባልኩ፣ ዛሬ ማታ ደግሞ የቀለጠው ተመልሶ ይጋገራል እየተባለ ነው።

ወለላ_ታኮማ
እኔ ጋ ትርፍ አለ። ነገ ጠዋት ስንት ሰዓት ባቡር ነው የምትይዢው? እኔ ታኮማ ነው የምገባው፣ ሦስተኛው ዋገን መሃል በር ጋ ሁኚ፣ አረንጓዴ ስካርፍ አድርጌያለሁ።

የኮተቤዋ
6 ሰዓት ከምናምን በፈረንጅ። ሦስተኛው ዋገን እሺ። ጥቁር ጃኬት፣ ቡቱ ቡኒ ነው።